የፍራንቻይዝ ውል በአንድ ደብዳቤ የሚፈርሰው መቼ ነው?

ካሊፎርኒያ ውስጥ የፍራንቻይዝ ሱቅ የያዘ ሰው፣ ክፍት መሆን በሚገባው ጊዜ ሱቁን አምስት ቀን በተከታታይ ከዘጋ፣ ኩባንያው የማስተካከያ ዕድል ሳይሰጠው ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ሕጉ ይህን ሥራን ጥሎ እንደ መሄድ ይቆጥረዋል። ምክንያቱ እሳት፣ ጎርፍ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ወይም ይህን የመሰለ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ከሆነ ያልፈዋል፤ አገር ቤት ለቅሶ መሄድ ግን በስም አልተጠቀሰም። ሱቁን ቆልፎ፣ ለኩባንያው ሳያሳውቅ አውሮፕላን የተሳፈረ ሰው የዓመታት ልፋቱን በአንድ ሳምንት ሊያጣ ይችላል።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በካሊፎርኒያና በሌሎችም ግዛቶች ነዳጅ ማደያ፣ ሴቨን ኢሌቨን ወይም ሳንድዊች ቤት ከሚያሠሩ ወገኖቻችን ብዙዎቹ የሚሠሩት በዚህ ዓይነት ውል ነው። ሱቁን የሚያንቀሳቅሰው፣ ደመወዝ የሚከፍለው፣ ሲከስርም የሚከስረው ባለሱቁ ነው። ስሙ፣ አርማውና የአሠራር ደንቡ የኩባንያው ነው። ባለሱቁ ሲገባ አንድ ጊዜ የመግቢያ ክፍያ ይከፍላል፤ ከዚያም አብዛኛውን ጊዜ ከሽያጩ በመቶኛ የሚሰላ ሮያሊቲ ሲከፍል ይኖራል። ሴቨን ኢሌቨን ደግሞ በሮያሊቲ ፋንታ ጥቅል ትርፉን ይካፈላል። ውሉ 10 ወይም 20 ዓመት ሊሆን ይችላል፤ ቤት ተይዞ፣ ከባንክና ከዘመድ ተበድሮ የሚገባበት ነው።

አንድ ነገር ሲጓደል በተለመደው መንገድ የሚመጣው ደብዳቤ «ይህ ተጓድሏል፤ በዚህን ያህል ቀን አስተካክል» የሚል ነው። ወዲያውኑ ማቋረጥ የሚባለው ይህ የማስተካከያ ጊዜ የሌለበት ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚመጣው በስርቆት ወይም በእስር ብቻ ይመስለዋል። የሕጎቹንና የውሎቹን ዝርዝር ያየ ግን ውል የሚያሳጡት ነገሮች ባብዛኛው ትንንሽ መሆናቸውን ይረዳል፦ የተዘነጋ የክፍያ ቀን፣ ያልተነገረ ሸሪክ፣ ታርሞ እንደገና የተደገመ ስህተት።

አሜሪካ ውስጥ ማንኛውም የፍራንቻይዝ ውል እንዴት እንደሚቋረጥ የሚወስን አንድ የፌዴራል ሕግ የለም። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ የሚያስገድደው ኩባንያው ከመፈራረሙ ወይም ገንዘብ ከመቀበሉ ቢያንስ 14 ቀን ቀደም ብሎ፣ 23 ርዕሶች ያሉት የመግለጫ ሰነድ ለገዢው እንዲሰጥ ነው። ስለ ማቋረጥ የሚናገረው 17ኛው ርዕስ ነው። በሠንጠረዥ ተዘጋጅቶ፣ ሊታረሙ የሚችሉትን ጥፋቶች ከማይታረሙት ለይቶ ያስቀምጣል፤ ዝርዝሩ ከውሉ የትኛው አንቀጽ ላይ እንደሚገኝም ይጠቁማል። ገዢዎች በዚህ ሰነድ ውስጥ ፈጥነው የሚፈልጉት ስንት እንደሚያስወጣና ስንት እንደሚያስገኝ የሚናገረውን ገጽ ነው። እኔ ብሆን ከ17ኛው እጀምራለሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለው እንደየግዛቱ ይለያያል። ኒው ጀርዚ እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣችው ሕግ ኩባንያው በቂ ምክንያት እንዲኖረውና የ60 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ እንዲሰጥ ታስገድዳለች፤ ባለሱቁ ከሥራው ጋር በቀጥታ በተያያዘ ወንጀል ከተፈረደበት ግን ቀን አይቆጠርም። ሚኒሶታ የ90 ቀን ማስታወቂያና የ60 ቀን የማስተካከያ ጊዜ ትጠይቃለች። ሆኖም የኩባንያውን መልካም ስም በእጅጉ የሚጎዳ ጥፋት ከሆነ ለባለሱቁ የሚሰጠው 24 ሰዓት ብቻ ሊሆን ይችላል። ቨርጂኒያ ያለ ተገቢ ምክንያት ማቋረጥን ትከለክላለች፤ ተገቢ የሚባለውን ግን እንደ ካሊፎርኒያ አንድ በአንድ አልዘረዘረችም። እንዲህ ዓይነት ሕግ ጭራሽ በሌለባቸው ግዛቶች ደግሞ ፈራጁ ውሉ ነው። ውሉን የጻፈው የኩባንያው ጠበቃ መሆኑን ማስታወስ ነው።

የነዳጅ ማደያዎች ነገር ለብቻው ነው። በ1978 የወጣ የፌዴራል ሕግ በሁሉም ግዛቶች ያሉትን ማደያዎች ይጠብቃል፤ ኩባንያው በመደበኛው የ90 ቀን ማስታወቂያ መስጠት አለበት። ያን ያህል መጠበቅ ተገቢ በማይሆንበት ጊዜ ግን ቀኑ ሊያጥር ይችላል። ከሕጉ ምክንያቶች መካከል ማደያውን ሰባት ቀን በተከታታይ መዝጋት፣ ክፍያ በወቅቱ አለመክፈል፣ ነዳጅን ሆን ብሎ መቀላቀል ወይም ያልሆነውን ስም ሰጥቶ መሸጥ፣ ከሥራው ጋር የተያያዘ ማጭበርበርና ኪሳራ ማወጅ ይገኙበታል። ይኸው ሕግ ለባለ ማደያው የሚጠቅም ነገርም አለው፤ ኩባንያው ጥፋቱን አውቆ ዝም ካለና በሕጉ የተወሰነው ጊዜ ካለፈ፣ በመደበኛው 120 ቀን፣ በዚያ ጥፋት ውሉን ማፍረስ አይችልም።

ምክንያቶቹን አንድ በአንድ ለማየት የሚመቸው ካሊፎርኒያ በ1980 ያወጣችው ሕግ ነው። መነሻው ለባለሱቁ ያደላል። ከ2016 ወዲህ በተፈረመ ወይም በታደሰ ውል ላይ ኩባንያው ለማቋረጥ በቂ ምክንያት ሊኖረው፣ ለማስተካከያም ቢያንስ 60 ቀን ሊሰጥ ይገባል። ባለሱቁ ይህን መብቱን በውል ትቻለሁ ብሎ ቢፈርም እንኳ ፊርማው ዋጋ የለውም። ከዚያ በኋላ ግን ሕጉ 60 ቀን የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል።

ገንዘብ አንዱ ነው። ኩባንያው ክፍያ ማለፉን በጽሑፍ ካሳወቀ በኋላ በአምስት ቀን ውስጥ ካልተከፈለ ውሉ ይቋረጣል። አምስቱ ቀን የሚቆጠረው ማሳወቂያው ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ ነው። ገንዘቡን አጥቶ ከሚዘገየው ይልቅ ሽያጩን አሳንሶ የሚያሳውቅ ሰው የባሰ አደጋ ላይ ነው። ሮያሊቲ የሚሰላው በሽያጭ በመሆኑ ጥቂት ሽያጭ ከመዝገብ ውጭ ማድረግ ቀላል ቁጠባ ይመስላል። ይሁን እንጂ ኩባንያው ወይም አቅራቢው ስንት ብርጭቆ፣ ስንት ካርቶን፣ ስንት ኪሎ ሊጥ እንዳስረከበ ያውቃል፤ የገንዘብ መመዝገቢያው ማሽንም ብዙ ጊዜ ከዋናው ቢሮ ጋር የተገናኘ ነው። የተረከበውና የተሸጠው አልገጣጠም ሲል ሂሳብ መርማሪ ይመጣል። ፍራንቻይዝ ውሎች ሽያጭን መደበቅን የሚያስቀምጡት ብዙውን ጊዜ በማይታረሙት ጥፋቶች ውስጥ ነው፤ ተይዞ ልዩነቱን ልክፈል ማለት ውሉን አያድነውም።

ሌላው ሐሰተኛ መረጃ ነው፤ እዚህ ላይ የእኛ ሰው ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ፍራንቻይዙን ለማግኘት በማመልከቻ ላይ መሠረታዊ ነገር መዋሸት በካሊፎርኒያ ሕግ ወዲያውኑ ለማቋረጥ ይበቃል። እኛ ዘንድ ደግሞ ገንዘብ የሚሰባሰበው በመተማመን ነው፤ እቁብ ይወጣል፣ ወንድም ያዋጣል፣ የአገር ልጅ ግማሹን ይሸፍናል፣ ወረቀቱ ግን ጥሩ ክሬዲት ባለው በአንዱ ስም ይሆናል። በእኛ ዓይን ይህ መረዳዳት ነው። ኩባንያው ግን «የዚህ ሱቅ ባለቤቶች እነማን ናቸው? ገንዘቡስ ከየት መጣ?» ብሎ ጠይቆ አንድ ስም ብቻ ከተጻፈለት፣ የተደበቀ ባለቤት አለ ማለት ነው። ከተፈረመ በኋላም ቢሆን ድርሻን ያለ ኩባንያው ፈቃድ ለሌላ ማስተላለፍ በብዙ ውሎች ላይ ያለ ማስተካከያ ጊዜ የሚያስቋርጥ ነው። የሚያሳዝነው፣ ስሞቹ በግልጽ ቢጻፉ ኖሮ ምናልባት ችግር ባልኖረ ነበር። የተደበቀውን ሸሪክ ብዙ ጊዜ የሚያወጣው ደግሞ የሸሪኮቹ የራሳቸው ጠብ ነው።

ወንጀልና የሕዝብ ጤና ብዙ ማብራሪያ አይሹም። በከባድ ወንጀል ወይም ከሱቁ ሥራ ጋር በተያያዘ ጥፋት የተፈረደበት ሰው ውሉን ያጣል፤ ሱቁ ክፍት ሆኖ መቀጠሉ ለሕዝብ ጤና ወይም ደኅንነት አፋጣኝ አደጋ ነው ብሎ ኩባንያው በበቂ መነሻ ካመነም እንዲሁ። መንግሥት ወይም አበዳሪ ሱቁን ከያዘው ያም ምክንያት ነው። በ2013 የፌዴራል መንግሥት በኒው ዮርክ ሎንግ አይላንድና በቨርጂኒያ 14 የሴቨን ኢሌቨን ሱቆችን ይዞ ነበር። ክሱ የሥራ ፈቃድ የሌላቸውን ሰዎች በተሰረቀ የመታወቂያ ቁጥር ቀጥሮ ማሠራትና ደመወዛቸውን መቀማት ነበር። የፌዴራልም ሆነ የከተማ ሕግን በሚመለከት፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለሱቁ ጥሰቱ ከተነገረው በኋላ ለማረም ያለው 10 ቀን ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያዘናጋው ግን ድግግሞሽ ነው። ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ባለሱቁ አንድ ጉድለት ካረመ በኋላ ያንኑ ጉድለት ከደገመ፣ ሁለተኛውን ቢያርምም ባያርምም፣ ኩባንያው ወዲያውኑ ማቋረጥ ይችላል። ውሉ የሚጠይቀውን ነገር በተደጋጋሚ ያጓደለም እንዲሁ። ዋሽንግተን ግዛት ይህን ጠበብ አድርጋ፣ በ12 ወር ውስጥ አንዱን የውል ግዴታ ሆን ብሎ በመሠረታዊ መልኩ ሦስት ጊዜ ከጣሱ በኋላ ያንኑ እንደገና መጣስ ስትል ወስናለች። ብዙ ውሎችም የራሳቸው ቁጥር አላቸው።

አሠራሩን እንየው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ይመጣል፤ የወለሉ ንጽሕና ተጓድሏል ይላል። ባለሱቁ ያጸዳል፤ ነገሩ አለቀ ብሎ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ከወራት በኋላ ሌላ ይመጣል፤ የኢንሹራንስ ወረቀት ጊዜው አልፏል። ያድሳል። ከዚያ ደግሞ ሮያሊቲ በሁለት ቀን ዘገየ የሚል። ይከፍላል። በእርሱ ሂሳብ ሦስቱም ተዘግተዋል፤ በኩባንያው ፋይል ግን ሦስቱም ከነቀናቸው ተቀምጠዋል። ወለሉ እንደገና ሲቆሽሽ፣ አራተኛው ደብዳቤ የሚመጣው «አስተካክል» ሊል አይደለም። ባለሱቁ «በአንድ ቆሻሻ ወለል ምክንያት ውል ይፈርሳል?» ብሎ ይገረማል። ኩባንያው ያፈረሰው ግን በታሪኩ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለመጀመሪያው ደብዳቤ ነው። ጥሰት አለ የተባለው እውነት ካልሆነ በዚያው ሳምንት በጽሑፍ መቃወም፣ እውነት ከሆነም ታርሞ ለኩባንያው ከፎቶና ከደረሰኝ ጋር መጻፍና ጉዳዩ መዘጋቱን በጽሑፍ ማስመስከር ያስፈልጋል። የአካባቢውን ተቆጣጣሪ «አይዞህ፣ ችግር የለውም» አምኖ መቀመጥ አይበቃም። አብዛኞቹ ውሎች የቃል ማረጋገጫ ውሉን አይለውጥም የሚል አንቀጽ አላቸው።

ሌላ የተለመደ ወጥመድ አለ። ኩባንያው ቃሉን አልጠበቀም፣ ማስታወቂያ አልሠራልኝም፣ አጠገቤ ሌላ ሱቅ ከፈተብኝ ብሎ ሮያሊቲ ማቆም። ቅሬታው እውነት ሊሆን ይችላል። በ1992 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በጂፊ ሉብ የዘይት መቀየሪያ ጉዳይ ላይ ያለው ግን ይህ ነው፦ ኩባንያው ውሉን ጥሷል የሚል ባለሱቅ ውሉን ትቶ መክሰስ ይችላል፣ ወይም እየከፈለ ሠርቶ መብቱን መጠየቅ ይችላል፤ በኩባንያው ስም እየነገደ ክፍያውን ማቆም ግን አይችልም። በ1998 ሌላ የይግባኝ ፍርድ ቤት በማክዶናልድስ ጉዳይ ይህንኑ መሥመር ተከትሏል። ባለ ምግብ ቤቱ የንጽሕናና የምግብ ጥንቃቄ ደንቦችን አላሟላም ተብሎ ውሉ ቢቋረጥም መሥራቱን ቀጠለ፤ ኩባንያው ያባረረኝ ለሌላ ዓላማ ነው ሲልም ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ኩባንያው የማቋረጥ መብት ካለው የልቡ ምክንያት አያገባኝም ብሎ፣ ሰውየው መሥራቱን እንዲያቆም ቀድሞ የተሰጠውን እግድ አጸና። ከባድ ፍርድ ነው፤ ፍትሐዊ ነው ለማለትም ያዳግተኛል። ነገር ግን በእጅ ያለ ጥፋት እያለ የኩባንያውን ክፉ ልብ ማስረጃ መፈለግ ብዙ እንደማያዋጣ ያሳያል።

ከዚህ ዓይነት ክርክሮች ሁሉ ስሙ የገነነው የፓሪሱ ነው። ሬይመንድ ዳያን በ1971 የፓሪስን የማክዶናልድስ ፍራንቻይዝ ተፈራረመ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኩባንያው ምግብ ቤቶቹ ቆሻሻ ናቸው፣ ደንቡም አይጠበቅም ብሎ ውሉን ለማቋረጥ ተነሣ። ዳያን የከፈለው ሮያሊቲ ዝቅተኛ ስለነበር ኩባንያው የፈለገው ገበያውን መልሶ መውሰድ ነው ብሎ ቺካጎ ላይ ተከራከረ። የኢሊኖይ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1984 ለኩባንያው ፈረደ። ፍርድ ቤቱ ኩባንያው ቅን ልቦና ሊኖረው እንደሚገባ ተቀብሏል። ንጽሕናውን በሚመለከት የቀረበው ማስረጃ ግን ዳያንን ጣለው።

«ወዲያውኑ» የሚለው ቃል ወረቀት ላይ እንጂ መሬት ላይ ሁልጊዜ ፈጣን አይደለም። ማክዶናልድስ ነሐሴ 2017 በሰሜንና በምሥራቅ ሕንድ ያሉ 169 ምግብ ቤቶችን የሚመለከተውን ውል፣ ሮያሊቲ አልተከፈለም የሚለውን ጨምሮ በተለያዩ ጥሰቶች አቋርጫለሁ አለ። የሕንዱ ሸሪኩ ቪክራም ባክሺ ግን ክርክሩን ቀጠለ፤ ነገሩ በስምምነት የተዘጋው በግንቦት 2019 ኩባንያው ድርሻውን ሲገዛው ነው። ብዙ ሱቅና ብዙ ጠበቃ ያለው ሁለት ዓመት ሊታገል ይችላል። አንድ ሱቅ ያለው ይህ አቅም የለውም። የሚከራከርበትን ቦታ እንኳ ላይመርጥ ይችላል፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1985 በሚሺጋን የበርገር ኪንግ ባለሱቅ በኩባንያው መቀመጫ በፍሎሪዳ እንዲከሰስ ፈቅዷል።

ኪሳራን በሚመለከት ውሉና ሕጉ ይጋጫሉ። ውሎቹ ሁሉ ማለት ይቻላል ባለሱቁ ኪሳራ ካወጀ ውሉ ይፈርሳል ይላሉ፤ የካሊፎርኒያም ሕግ ከምክንያቶቹ ቆጥሮታል። የአሜሪካ የኪሳራ ሕግ ግን እንዲህ ያለውን አንቀጽ በአብዛኛው አያስፈጽምም፤ ማመልከቻው ከገባበት ቅጽበት ጀምሮም ኩባንያው ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ውሉን እንዳይነካ ያግዳል። ወሳኙ የጊዜው ቅደም ተከተል ነው። ማቋረጡ ተጠናቆ ካለቀ በኋላ የገባ ማመልከቻ የሞተውን ውል አያነሣም።

ውሉ ከፈረሰ በኋላስ? አርማው ይወርዳል፣ የደንብ ልብሱና ምናሌው ይመለሳል፣ ስልክ ቁጥሩም ብዙ ጊዜ ወደ ኩባንያው ይዛወራል። በአሮጌው ስም አንድ ቀን መነገድ የንግድ ምልክት ጥሰት ነው፤ ኩባንያው በቀናት ውስጥ እግድ ሊያወጣ ይችላል። ብዙ ውሎች በዚያው አካባቢ ተመሳሳይ ሥራ መሥራትን ለተወሰነ ዓመት ይከለክላሉ። ባለሱቁና ብዙ ጊዜ የትዳር ጓደኛው በግል ዋስትና ስለሚፈርሙ ዕዳው ከድርጅቱ አልፎ ቤት ይገባል። ሁለት ሦስት ሱቅ ያለው ደግሞ የአንዱ ሱቅ ጥፋት የሌሎቹን ውል እንደሚያፈርስ የሚናገር አንቀጽ እንዳለ ይመልከት። በሌላ በኩል ካሊፎርኒያ ውስጥ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ1996 በአንድ የማተሚያ ፍራንቻይዝ ጉዳይ፣ ሮያሊቲ ስላልተከፈለው ራሱ ውሉን ያፈረሰ ኩባንያ የቀሪዎቹን ዓመታት ሮያሊቲ መጠየቅ አይችልም ብሏል። ያለ አግባብ ውሉ የተቋረጠበት ባለሱቅም በዚያው ግዛት የንግዱን የገበያ ዋጋ በካሳ ሊያገኝ ይችላል።

አገር ቤት የውጭ ስም ይዞ የመነገድ አሠራር እየመጣ ነው፤ ፒዛ ሀት እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አበባ የገባው በዚህ መንገድ በአገር ውስጥ ኩባንያ አማካይነት ነው። እንዲህ ያለ ውል ክርክር ቢነሣበት በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የውል ድንጋጌዎች ይታያል። በዚያ መሠረት ውል ያልተፈጸመለት ወገን በቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ሲሰጥም ተገቢ ጊዜ ሊወስን ይችላል። ቁጥር 1775 ማስጠንቀቂያ የማያስፈልግባቸውን ይጠቅሳል፤ ለምሳሌ ግዴታው አንድን ነገር አለማድረግ ሲሆን ወይም ባለዕዳው አልፈጽምም ብሎ በጽሑፍ ሲያሳውቅ። ፍርድ ቤት ውል የሚሰርዘው መሠረታዊ ድንጋጌ ሲጣስ ነው። ቁጥር 1786 ግን በውሉ ላይ አስቀድሞ ከተጻፈና ሁኔታው ከተሟላ አንዱ ወገን ብቻውን መሰረዝ እንደሚችል ይፈቅዳል። ስለዚህ እዚህም ቢሆን ሁሉ የሚወሰነው በፈረሙት ወረቀት ነው።

ደብዳቤው ከመጣ የደረሰበትን ቀንና ሰዓት ፖስታው ላይ ይጻፉ፤ አምስትም ይሁን አሥር ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነው። በየትኛው አንቀጽ እንደተጠቀሰና የማስተካከያ ጊዜ ተሰጥቶ እንደሆነ ይዩ። የሚከፈለውን ይክፈሉ፤ ክርክር ካለዎት «መብቴን ጠብቄ ነው የምከፍለው» ብለው በጽሑፍ ያስታውቁ። ሱቁን አይዝጉ፤ ተናደው ለተቆጣጣሪው በስልክ «ውሰዱት» አይበሉ። በዚያው ቀን ጠበቃ ይያዙ፤ ጠበቃውም የሚያውቁት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳይሆን የፍራንቻይዝ ውል የሚሠራ ይሁን። ያልፈረሙ ከሆነ ደግሞ አሥራ አራቱን ቀን ይጠቀሙባቸው፤ 17ኛውን ርዕስ ከውሉ ጋር አስተያይቶ የሚያነብልዎ ሰው ለማግኘት የሚበቃ ጊዜ ነው።